ቆዳ የሌለው እጅ

ሙንታሲር ሚስቱን ሁለት ጊዜ ፈቷታል፤ ሁለት ጊዜ መልሷታል። ሦስተኛውን ደግሞ የመናኸሪያው በር ላይ ሰቅሎታል።

የቡታጅራ ሰው ሙንታሲርን የሚያውቀው በመኪናው ነው። ተራራውን አቋርጦ፣ በጉብሬ አድርጎ ወልቂጤ የሚመላለስ ነጭ ሚኒባስ ይነዳል። ሚስቱን ዛህራን የሚያውቃት ግን በጩኸቷ ነው። የመጀመሪያውን የፈታት በተጋቡ በሰባተኛው ወራቸው፣ ስልኩን ጉድጓድ ውስጥ የጨመረችበት ቀን ነው። ስልኩ ጠርቶ ነበር፤ እሱ «ቆይ አንዴ» ብሎ ፊቱን አዙሮ አነሳው፤ ጥፋቱ ይኸው ነው። ሁለተኛው ለአረፋ ነበር። ዘመዶቹ ከአዲስ አበባ መጥተው፣ ክትፎው ቀርቦ፣ ቤቱ በሳቅ ሞልቶ ሳለ ለእሷ አጠገቡ ቦታ ሳይዝላት ተቀመጠ። ጣባውን ከነክትፎው አንስታ በእንግዶቹ መሀል ፈጠፈጠችው።

ሁለቴም ዒዳዋ፣ የፍቺ መጠበቂያዋ ጊዜ፣ ሳያልቅ፣ ሁለቴም እንባው እየወረደ፣ እንሴኖ ያለው የእናቷ ቤት ድረስ ሄዶ አምጥቷታል። ሁለቴም በመንገድ ላይ ትከሻውን ተደግፋ «እንዳንተ ያለ ሰው አላህ አልፈጠረም» ብላዋለች። የሚገርመው፣ እውነቷን ነበር። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ «ምነው ባላወቅኩህ!» ያለችውም እውነቷን ነበር። ሰውየውን ውሸቷ አድክሞት ቢሆን ኖሮ በቀለለው፤ ያደከመው እውነቷ ነው።

ሦስተኛው እንዲህ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሙንታሲር ተሳፋሪ ሞልቶ ሊወጣ ሲል ዛህራ በነጠላ ጫማ እየሮጠች መናኸሪያ ገባችና የፊተኛው ጎማ ሥር ተጋደመች። «ሳይሰናበተኝ ወጣ» ነበር ነገሯ። ተሰናብቷት ነበር፤ እንቅልፍ ላይ ሆና አልሰማችውም። ከተሳፋሪው ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ። «ንዳባት!» ያለም አልጠፋ።

ሙንታሲር ወረደ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። እሷን አላናገራትም፤ በሩ አጠገብ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው የሾፌሮቹን ተራ ወደሚይዙት ወደ ሐጂ ሰይዶ ዞረና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሐጂ፣ ይስሙኝ! እናንተም ስሙ! ይቺ ሴት ከዛሬ በኋላ እኔን ፍለጋ ይህን በር ከረገጠች ሦስተኛው ጠላቅ ወድቆባታል፤ ፈትቻታለሁ። በቃ!» አለ።

ሲቀርጹ የነበሩት እንኳ ስልካቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንተ ልጅ፣» አሉ ሐጂ ሰይዶ ቀስ ብለው፣ «ምን አደረግህ? ድንጋይ አንስተህ ራስህን ብትፈነክት ይሻልህ ነበር። ሌላ የፈለግከውን ብትናገር እንዳለፈው ትጸጸትና እናስታርቃችሁ ነበር። ይኼ እኮ የተሰቀለ ቃል ነው። ከእንግዲህ አንተ ምላስ ላይ የለም፤ እሷ እግር ላይ ነው ያለው።»

ከሦስተኛው በኋላ፣ ሌላ ባል አግብታ ከእሱም ካልተፋታች በቀር፣ መመለስ የለም። ይህን የቡታጅራ ሕፃንም ያውቃል።

ይኸው ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ሆነ። የመናኸሪያው በር ተንሸራታች ነው፤ መሬት ላይ የሚሄድበት የብረት ሐዲድ አለው፤ በተሳፋሪ እግር ተልጎ እንደ ቢላ ያበራል። ዛህራ ያንን ሐዲድ በሕልሟ ታየዋለች። ገበያ ስትሄድ መንገድ ተሻግራ፣ ፊቷን ወደ ሱቆቹ አዙራ ነው የምታልፈው። ባሏ ራሱ ወልቂጤ ለሕክምና ሲወስዳት እንኳ ከመናኸሪያ ወጥቶ ማደያው ጋ ነበር የሚያሳፍራት፤ ተሳፋሪው «ተራችንን ይዘን ለእሷ እንቆማለን እንዴ?» እያለ ይነጫነጫል። ሐጂ ሰይዶ «ፍለጋ ሳይሆን ተሳፋሪ ሆና ብትገባስ?» ተብለው ተጠይቀው ሁለት ቀን ሙሉ አሰቡበትና «እኔ አላውቅም። ባትገባ ይሻላል» አሉ።

ወልቂጤ ያለችው የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ አንዲት ክፍል ናት። እዚያ የሚቀበሏት ሲስተር ዓለምዘውድ የሚባሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። የሕመሙን ስም ነገሯት፤ ቦርደርላይን ይባላል አሉ። ጂን አይደለም፣ እብደትም አይደለም፣ ክፋትም አይደለም አሉ።

«ታዲያ ምንድን ነው?» አለች ዛህራ።

«እሱን እንኳ አንቺ ንገሪኝ። በእኔ ቃል ሳይሆን በራስሽ። እንዴት ነው የሚሰማሽ?»

ሦስት ቀጠሮ ሙሉ ዝም አለች። በአራተኛው ነገረቻቸው። ሲስተር ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ዛህርዬ፣ ይህንን ለባልሽ ቤተሰቦች እንዲሁ አድርገሽ ንገሪያቸው። ሰው የማያውቀውን ሕመም ይፈራዋል፤ ላወቀው ግን ያዝንለታል» አሏት።

ሲስተር ዓለምዘውድ ደግ ሰው ናቸው። ደግ ሰው ሲሳሳት እንዲህ ነው የሚሳሳተው።

በመጀመሪያ ለሙንታሲር ልትነግረው ሞከረች። ከመንገድ ገብቶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደተናገረች ዓይኑ ተከደነ። ቀሰቀሰችው። «እየሰማሁሽ ነው፣» አለ፤ ከዚያ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «እኔም እኮ ይደክመኛል፣ ዛህራ። የኔን ደግሞ ማን ይንገርልኝ?» አለ።

ያን ቀን አልጮኸችም። ሳትጮኽ የዋለችባቸውን ቀናት ማንም አይቆጥርላትም።

ቀጥሎ የነገረችው ለጠይባ ነው።

ጠይባ የሙንታሲር ታላቅ እህት ናት። ወላጆቻቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ የራሷ ልጅ የላትም። ገበያው ጀርባ የበርበሬ መጋዘን አላት፤ የማረቆ ዛላ በርበሬ በጆንያ ይገባል፤ ሴቶች ተሰብስበው እየቀነጠሱ ያዘጋጁታል። ዛህራም እዚያው ትሠራለች። ጠዋት ስትገባ ሴቶቹ እጃቸውን ሳያቆሙ ነው የሚቀበሏት። በተለይ ሃፊዛ የምትባለዋ አፏ አያርፍም፦

«ዛሬ የመጣችልን ማን ናት? ማር ናት እሬት?»

«ማር ነኝ፣» ትላለች ዛህራ።

«እስከ ስንት ሰዓት?»

ሁሉም ይስቃሉ። ዛህራም ትስቃለች። ከሳቋ በኋላ ግን ያቺ «እስከ ስንት ሰዓት» የምትለዋ ቃል ውስጧ ገብታ ቀኑን ሙሉ ስትቆፍር ትውላለች።

ለጠይባ የነገረቻት ሴቶቹ ለዙህር ሶላት የወጡ ጊዜ ነው። ሁለቱ ብቻ፣ በቀይ ክምር መሀል፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር።

«ጠይብዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሲስተር ንገሪያቸው ብለውኛል።»

«ንገሪኝ።»

«በርበሬ ስትቀነጥሺ ውለሽ እጅሽ ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል? ትንሽ ይለበልበኛል። ታጥቤ ቅባት ስቀባ አለቀ።»

«አሁን ቆዳሽ ተገፏል በይ። ከክንድሽ እስከ ጥፍርሽ፣ ልክ እንደ በግ። በርበሬው ያው ነው። ሃፊዛ አጠገብሽ ቁጭ ብላ እየሳቀች ትቀነጥሳለች። አንቺ ትጮኺያለሽ። ‹ምን ሆነሻል? እኛስ የነካነው ይህንኑ አይደል?› ይሉሻል። እውነታቸውን እኮ ነው። በርበሬው አልጨመረብሽም። እነሱ ቆዳ አላቸው፤ አንቺ የለሽም።»

የጠይባ እጅ ቆመ። አንዲት ዛላ በጣቶቿ መሀል እንደያዘች፣ «እኔን በሰው ፊት ‹መካን› ያልሽኝ ቀንስ?» አለች። «የኔን ቆዳ ማን ገፈፈው?»

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው። ጠይባ ጠዋት መጋዘን ስትገባ ዛህራን ሰላም ሳትል አለፈች። ዛህራ በስምንት ሴት ፊት ተነስታ፣ «አንቺ ምን አለብሽ! ማህፀንሽም እንደ ልብሽ ደረቅ ነው! መካን!» አለቻት። በማግስቱ እግሯ ላይ ወድቃ፣ ጫማዋን ስማ፣ «እናቴ አንቺ ነሽ፣ ሌላ እናት የለኝም» እያለች አለቀሰች። ጠይባ «አፉ ብያለሁ» አለቻት። ሴቶቹ ግን ቃሏን አልረሷትም።

«ያን ቀን ሰላም ሳትይኝ አለፍሽ፣» አለች ዛህራ።

«ስልክ እያወራሁ ነበር እኮ፣ አንቺ ልጅ!»

«አውቃለሁ። አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን የጣልሽኝ መሰለኝ። ሰው የጣለኝ ሲመስለኝ፣ ጠይብዬ፣ ከገደል ላይ እንደተለቀቅኩ ነው፤ መሬት ሳልደርስ በፊት የለቀቀኝን እጅ መንከስ አለብኝ። ከነከስኩ በኋላ ነው እጁ የማን እንደሆነ የማየው።»

ጠይባ ዛላውን ቀንጥሳ ወደ ክምሩ ጣለችው። ከዚያ ማንም ጠይቋት የማያውቀውን ጥያቄ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ጠየቀቻት፦

«መቼ ነው የሚብስብሽ?»

ዛህራ እንባዋ መጣ። ለካ የሰው ልጅ እንዲህ ተብሎም ይጠየቃል!

«ተራራው ላይ ነው፤ ኔትወርኩ ሲጠፋ። ሙንታሲር ጉብሬ ሲደርስ ‹ተነስቻለሁ› ብሎ ይደውልልኛል። ከዚያ ተራራው ላይ ሲወጣ ስልኩ ይጠፋል። ሰው ሁሉ ይህንን ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። መግቢያ ሰዓቱ እስኪደርስ ጥርሴን ነክሼ እቆያለሁ። ከሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ካለፈ ሞቷል እላለሁ፤ ከፈኑን ሁሉ አየዋለሁ። አንድ ሰዓት ካለፈ አልሞተም፤ የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ ከሌላ ጋር እየሳቀብኝ ነው እላለሁ፤ ቢሞት ይሻል ነበር እላለሁ። ሁለት ሰዓት ካለፈ…»

«ሁለት ሰዓት ካለፈስ?»

«እኔ የለሁም። ይኼ እጅ የማን እንደሆነ አላውቅም። ስሜን ብትጠሪኝ አልሰማም። እግሬ ብቻ ነው ያለው፤ እሱ ደግሞ የኔ አይደለም፤ ወደ እሱ ይሄዳል። ያን ቅዳሜ ጎማ ሥር የተኛሁት እኔ አይደለሁም፣ ወላሂ። እግሬ ነው የወሰደኝ።»

«ምን ሲሆን ይለቅሻል?»

«አንዲት ቃል። ‹አለሁ› ካለኝ። ሌላ ምንም፤ ‹እወድሻለሁ› አይበለኝ፣ ‹ይቅርታ› አይበለኝ። ‹አለሁ› ሲለኝ እሳቱ ላይ ውሃ እንደደፉበት ነው፤ እዚያው በቆምኩበት ሰው እሆናለሁ። አይገርምሽም?»

ጠይባ ተነስታ መጣች። የዛህራን የተፈታ ሻርፕ አስተካክላ አሰረችላት፤ እንደ እናት። «አላህ ያሽርሽ፣» አለቻት። «ደግ አደረግሽ ነገርሽኝ። አላወቅንሽም ነበር።» ወደ ቦታዋ ስትመለስ ደግሞ ቆም ብላ፣ «ሁለት ሰዓት ነው ያልሽኝ?» አለች።

«ሁለት ሰዓት።»

ያን ቀን ዛህራ ወደ ቤቷ የሄደችው እየበረረች ነው። ለሲስተር ዓለምዘውድ ደውላ «ነገርኳት! ገባት!» አለች። «አየሽ?» አሉ ሲስተር፤ ድምፃቸው ላይ ደስታ ነበረበት።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ጠይባ እንዲህ ደግ ሆና አታውቅም። ሙንታሲር ግን ዝምታ አበዛ። የሚበላውን እያየ አይበላም፤ ሲጠሩት ይደነግጣል። አንድ ምሳ ሰዓት ጠይባ ጋ ገብቶ በር ዘግተው ሲያወሩ፣ ዛህራ ከደጅ ሆና የሰማችው የእሱን ድምፅ ብቻ ነው፦ «አልችልም ጠይብዬ። ምላሴ አይታዘዘኝም። ሁለቴ ብያት አየሁት፤ ሦስተኛውን ማለት አልችልም።» ዛህራ ልቧ በደስታ ዘለለ። አይፈታኝም፣ መፍታት አይችልም፣ ብላ ተረዳችው። ልክ ነበረች፤ መፍታት አይችልም ነበር። መፈታቷን ግን ይፈልግ ነበር።

ሐሙስ ዕለት፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ዛህራ መጋዘን ሳለች ከጉብሬ ደወለ። «ተነስቻለሁ» አለ። ድምፁ ሸካራ ነበር። «በሰላም ግባ» አለችው፤ ስልኩ ተዘጋ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መግባት ነበረበት። ስምንት ተኩል ሆነ። ደወለች፦ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልተቻለም።» ዘጠኝ ሆነ። ደወለች። ያቺ የስልክ ውስጥ ሴት ያንኑ፣ በዚያው ድምፅ፣ ያለ ሐዘን፣ ነገረቻት። ከፈኑን አየችው። ነጭ ነው፤ የቀብሩን አፈር ሸተታት።

ሲስተር ያስተማሯትን አደረገች። ወደ በርሜሉ ሄዳ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበች። ተመልሳ ተቀመጠች። «ሲብስብሽ ዙሪያሽን ተመልከቺና የምታያቸውን አምስት ነገሮች ስም ጥሪ» ብለዋታል። ዙሪያዋን አየች። በርበሬ። በርበሬ። ጆንያ፤ ውስጡ በርበሬ። የሃፊዛ እጅ፤ የያዘው በርበሬ።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለች ሃፊዛ። «ወይኔ ሴቶች፣ ማሩ ሊያልቅ ነው!»

«ተያት፣» አለች ጠይባ፣ ቆጣ ብላ። «ሥራሽን ሥሪ።»

ዛህራ በምስጋና አየቻት። ጠይባ ዓይኗን ሰበረች።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ዛህራ፣ ሙንታሲር አልሞተም ወደሚለው ተሻገረች። ደንገዝገዝ ባለው መጋዘን ውስጥ ሳቁን ሰማችው። ግን ተቀመጠች። ሁለት እጇን መቀመጫዋ ሥር ከታ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ እየተወዛወዘች፣ ተቀመጠች። ያን ያህል የታገለ ሰው በጦር ሜዳ ቢሆን ይዘፈንለት ነበር።

የአስር አዛን ተብሎ ሶላቱ እንደተጠናቀቀ፣ ሁለት ሰዓቱ ሊሞላ ሲል፣ አንዲት ከድጄ የሚሏት የጉብሬ ሴት በርበሬ ልትገዛ ገባች። ጀርባዋ ላይ ቆጮ አዝላ ነበር። ሰላምታዋን አድርሳ ጆንያውን እየዳበሰች ሳለ ዛህራን አየችና፣

«ውይ፣ የሙንታሲር ሚስት አይደለሽ? በባልሽ መኪና እኮ ነው የመጣሁት። ዛሬ ደግሞ ሲነዳ ቃል አልወጣውም፤ አሞታል እንዴ?» አለች።

ዛህራ ተነሳች። «መቼ? መቼ ገባችሁ?»

«ስምንት ተኩል ላይ ነዋ! ገበያውን ዞሬ፣ ሰግጄ ነው አሁን የመጣሁት። መናኸሪያ ነው ትቼው የመጣሁት፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳለ።»

ስምንት ተኩል። እሷ ከፈን ስታይለት እሱ እዚህ፣ ከሁለት መንገድ ማዶ፣ ተቀምጧል። ዛህራ ወደ ጠይባ ዞረች፤ «ጠይብዬ፣ ያዢኝ» ልትላት። ጠይባ በቦታዋ አልነበረችም። በጓሮ በር ወጥታለች።

«ሃፊዛ፣» አለች ዛህራ፤ «ያዢኝ። አትልቀቂኝ።»

ሃፊዛ ሳቀች። ክፋት አልነበረባትም፤ ቀልድ መስሏት ነው። «እንዴት አድርጌ ልያዝሽ፣ በገመድ?»

ዛህራ ወጣች። መንገዱን አላየችውም። አንድ ባጃጅ ሊገጫት ደርሶ ሾፌሩ ስድቡን አወረደው፤ አልሰማችም። ስትነቃ ከመናኸሪያው በር ፊት ቆማለች። እግሯ ከሐዲዱ አንድ ስንዝር ይርቃል።

ቆመች። ይህንን ማንም አልመሰከረላትም እንጂ፣ ቆማ ነበር።

ነጩ ሚኒባስ ከበሩ ፊት ለፊት ነው። ብዙ ጊዜ እዚያ አይቆምም፤ ዛሬ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ ቆሟል። ሙንታሲር መሪውን ይዞ ተቀምጧል። ስልኩ መስታወቱ ሥር ተተክሏል፤ ይበራል፤ የዘጋው መስመሩን ብቻ ነው። ሐጂ ሰይዶ ጃንጥላቸው ሥር ናቸው።

«ሙንታሲር!»

ቀና አለ። አያት።

«አለሁ በለኝ!» ድምጿ ተሰንጥቆ ወጣ። «ለምን አጠፋህ አልልህም። የት ነበርክ አልልህም። አለሁ በለኝና ከዚሁ ልመለስ። ወላሂ እመለሳለሁ!»

ተሳፋሪው፣ ሻጩ፣ ተሸካሚው ሁሉ ዞረ። ሙንታሲር አፉን አልከፈተም። የሚያየው ፊቷን አልነበረም። ዛህራ የዓይኑን አቅጣጫ ተከትላ ወደ ታች አየች፤ እግሯን ነው የሚያየው።

«በላት እንጂ ልጄ!» አሉ ሐጂ ሰይዶ፣ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው። «አንዲት ቃል ናት! አፍህን ማን ሰፋው?» ከዚያ የሙንታሲርን ፊት ልብ ብለው አዩት። ቀስ ብለው፣ እንደ ታመመ ሰው፣ ተመልሰው ተቀመጡ። «ያ አላህ፣» አሉ ለራሳቸው። «ለዚህ ኖሯል።»

ከዛህራ ጀርባ ባጃጅ ቆመ። ጠይባ ወረደች። ከኋላው ወንበር ላይ አረንጓዴ የጨርቅ ሻንጣ አለ፤ ዛህራ ለወልቂጤው ሕክምና የገዛችው፣ አልጋዋ ሥር የነበረ። ሞልቶ፣ ዚፑ አልዘጋ ብሎ፣ በሲባጎ ታስሯል። በዚፑ ክፍተት የሠርጓ ሻርፕ ጫፍ ወጥቶ ይታያል። ጠይባም የምታየው የዛህራን እግር ነው።

ዛህራ ሁሉንም በአንዴ አወቀችው። ሁለት ሰዓቱን ለምን እንደጠየቀቻት፣ መኪናው ለምን ወደ በሩ ዞሮ እንደቆመ፣ ምላሱ ያልታዘዘው ሰው ምን እንዳሰበ። ቁስሏን ገልጣ «እዚህ ጋ ነው፣ ስትነኩኝ ተጠንቀቁ» ብላ ነበር፤ እነሱም ተጠንቅቀው፣ ሰዓት ቆጥረው፣ ልክ እዚያው ላይ ጣታቸውን አስቀመጡ።

አወቀች። ማወቅ ግን ቆዳ አይሆንም።

«ተመለሺ፣ ወጥመድ ነው» አለች ራሷ ለራሷ። እግሯ አልሰማም። እግሯ የሚሰማው ዝምታውን ብቻ ነበር። ሐዲዱን ቀኙ ቀድሞ ተሻገረው፤ ግራው ተከተለ። የግራው ነጠላ ጫማ ሐዲዱ ላይ ተንጠልጥሎ ከውጭ ቀረ።

ማንም አልሳቀም። በዚህኛው ጊዜ የቀረጸም አልነበረም።

የሙንታሲር ትከሻ ዝቅ አለ፤ ኩንታል አውርዶ እንደ ጨረሰ ሰው። ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ከዚያ የመኪናውን በር ከፍቶ ወረደና ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ፣ እንደ ባዕድ፣ ቆመ።

«አለሁ፣ ዛህራ፣» አላት። «አለሁ። እዚሁ ነኝ።»

ሠራ። ለጠይባ እንደነገረቻት፣ ልክ እንደዚያው። እሳቱ ላይ ውሃ ተደፋ፤ ትንፋሿ ተመለሰ፣ እጇ እጇ ሆነ፣ ፊቷ ላይ ደም መጣ። ስሟን አስታወሰች። አጠገቧ የቆመውን ሰው አየችው፤ ቆንጆ ነው፣ ደክሞታል፣ አልሞተም። ፈገግ አለችለት፤ ባሏ ከመንገድ የገባላት ሴት ፈገግ እንደምትል።

«መጣህ?» አለችው። «ምሳህን ከድኜ አስቀምጬልሃለሁ። በል እንሂድ።»

ሐጂ ሰይዶ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ኢና ሊላሂ፣» አሉ፣ ሞት እንደተረዳ ሰው። «ቃሉን ሰምቻለሁ፤ ሲወድቅም አይቻለሁ።»

ጠይባ ጎንበስ ብላ የቀረውን ነጠላ ጫማ ከሐዲዱ ላይ አነሳች፤ አቧራውን አራገፈችና ሻንጣው ላይ፣ በሲባጎው ሥር፣ ሸጎጠችው። ዛህራ አላየቻትም። እሷ ባሏን እያየች ነበር።